ለሚያገግም እጅ የተራረፈ ክር

ከሕመም እያገገመ ቤት የተቀመጠ ሰው ሹራብ ወይም ኪሮሽ ልሥራ ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያስበው አዲስ ክር አስገዝቶ ትልቅ ነገር መጀመር ነው። እኔ የምመክረው ከዚያ በተቃራኒው ነው። ካርቶን ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ በፌስታል ተቋጥሮ ከቀረው ክር ጀምሩ። ገንዘብ መቆጠቡ ጥሩ ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። 15 ግራም የምትመዝን ልቃቂት በራሷ ጊዜ ታልቃለች፤ ስታልቅ ሥራው ይቆማል፣ እጅም ያርፋል። 200 ግራም ያለው አዲስ ጥቅል ግን «አንድ ረድፍ ልጨምር» እያሰኘ ደካማውን ሰው ሳይታወቀው ከአቅሙ በላይ ያሠራዋል፤ ድካሙ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የታሰበው ለአንድ ሥራ አንድ ትንሽ ልቃቂት በሚል ልክ ነው። የምጽፈው ከአዳማ በመሆኑ ሙቀቱም፣ ነፋሱም፣ አቧራውም በየመሐሉ ይገባሉ።

ክሩን ስታወጡ መጀመሪያ የምትለዩት በቀለም አይሁን፤ በውፍረት ይሁን። ውፍረቱ የተለያየ ክር አንድ ላይ ሲሠራ ቀጭኑ ይሰበሰባል፣ ወፍራሙ ያብጣል፤ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ይጣመማል። መለኪያው ቀላል ነው። ክሩን ሳትጎትቱና ሳታደራርቡ በእርሳስ ላይ ጎን ለጎን ጠምጥሙት፤ ከዚያ በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ከ18 እስከ 20 ዙር ከሆነ መካከለኛ ነው፤ ለጀማሪም ለደካማም የሚመቸው እሱ ነው። 28 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀጭን፣ 14 እና ከዚያ በታች ከሆነ ወፍራም በሉት። ሁለት ቀጭን ክር አንድ ላይ ተይዞ ሲሠራ ወደ መካከለኛው ይጠጋል፤ ስለዚህ ቀጭኑን አትጣሉት፣ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አንድ ላይ አጠንጥኑት። የዳንቴል ክር ከሆነ ሦስት ወይም አራት ድርብ ያስፈልገዋል። በነጠላ የዳንቴል ክር መሥራት ለሚያገግም ሰው ዐይን ከባድ ነው፤ የሶፋው ዳንቴል አቅም እስኪመለስ ይቆይ።

ቀጥሎ የክሩ ዓይነት ነው። ገበያ ላይ ሱፍ ተብሎ የሚሸጠው ክር ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው። ወረቀቱ ከጠፋ የሚለየው በእሳት ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ በወረንጦ ይዛችሁ፣ ከሥሩ የብረት ሳህን፣ አጠገባችሁ ውኃ አድርጋችሁ ለኩሱት። እውነተኛ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ እሳቱም ቶሎ ይጠፋል፤ የሚተርፈው በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ጥቁር ነገር ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። አክሪሊክ እየቀለጠ ይነድዳል፤ ሲበርድ ጠጣር ጥቁር እንክብል ይሆናል። ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ሳንባውን ወይም ደረቱን የታመመ ሰው ራሱ አያድርገው፤ ሌላ ሰው ደጅ ወጥቶ ይሥራው።

መለየቱ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚታየው በኋላ ነው። ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ ይኮማተራል፣ ይጠጥራል። ጥጥ ውኃ ሲይዝ ይከብዳል፣ ይረዝማል። አክሪሊክ አይኮማተርም፤ ግን ካውያ ሲነካው ይለሰልስና ቅርጹን ያጣል፣ ትኩስ ነገር ሲቀመጥበት ይቀልጣል። ሦስቱን በአንድ ብርድ ልብስ ከቀላቀላችሁ በመጀመሪያው እጥበት ግማሹ ያጥራል፣ ግማሹ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ሦስት ፌስታል አዘጋጁ፤ አንዱ ለአክሪሊክ፣ አንዱ ለጥጥ፣ አንዱ ለሱፍ። የሱፉን ደረቅ መሆኑን አረጋግጣችሁ አፉን በደንብ እሰሩት፤ ብል የሚበላው እሱን ነው። የሌሎቹንም አፍ እሰሩ፤ በበጋ የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው ደቃቅ አቧራ ክር ውስጥ ሲገባ እጅን ይከረክራል፣ ደረቱን ለታመመም ሳል ይቀሰቅሳል።

ክር ቤት ውስጥ ከሌለ ለመጠየቅ የሚመጣውን ሰው ማዘዝ ነው። ብርቱካንና ለስላሳ ይዞ የሚመጣ ሰው ክርም ማምጣት ይችላል። «እትዬ፣ ከዳንቴልዎ የተረፈ ክር ካለ አይጣሉብኝ» ማለት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ብዙ እናቶች የሚሰጡት ሰው አጥተው ያስቀመጡት አለ።

ሌላው ምንጭ የሰልቫጅ ሹራብ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት እዩ። ሁለቱ ጠርዞች ሙሉ ሆነው በሰንሰለት ስፌት ከተያያዙ ይተረተራል፤ ክሩም ሳይቆራረጥ ይወጣል። ጠርዙ ተቆርጦ በኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚቆርጥና በሚዘመዝም መኪና) ከተሰፋ ግን እያንዳንዱ ረድፍ የተበጠሰ ነው፤ ስትተረትሩት የምታገኙት የአንድ ረድፍ ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ ተዉት። ገጹ ተጣብቆ የተኮማተረ ሱፍም አይተረተርም። የሚሆን ካገኛችሁ መጀመሪያ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት። ሙቅ ውኃ የማይወድ ሱፍ ከሆነ እከክ የሚያመጡት ነፍሳት እንዲሞቱ አንድ ሳምንት በታሰረ ፌስታል አቆዩት፣ ከዚያ ለብ ባለ ውኃ እጠቡት። ስፌቱን ፈትታችሁ የሹራቡ ሥራ ካለቀበት ጫፍ፣ ብዙ ጊዜ ከአንገቱ በኩል፣ መተርተር ጀምሩ። ከግርጌው ከጀመራችሁ በየረድፉ ይያዝባችኋል።

የተተረተረው ክር የተጠቀለለ ስለሚሆን እንዳለ ከተሠራ ገጹ ይንሸዋረራል። በወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልሉት፣ አራት ቦታ ላይ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ለብ ባለ ውኃ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ሳትጠመዝዙ በፎጣ ጨምቃችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት፤ ከታች ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንጠልጥሉበት። የአዳማ ፀሐይ ቶሎ ያደርቃል፤ ቀለሙንም ያነጣዋል። በረንዳ ውስጥ ይሻላል። ይህን ሥራ በሽተኛው አይሥራው፤ ውኃ የያዘ ክር ማንሳት ከባድ ነው። ለቤተሰብ ስጡት።

አሁን ስለ አቀማመጥ። ከአልጋ ያልወረደ ሰው ጀርባውን በሁለት ትራስ ደግፎ ቀና ይበል፤ በሁለቱም ክርኖች ሥር ትንሽ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ይግባ። ክርን ተንጠልጥሎ ሲሠራ ቀድሞ የሚዝለው ጣት አይደለም፣ ትከሻና አንገት ነው። የእጅ አንጓ ቀጥ ብሎ ይቆይ፤ ታጥፎ ረጅም ጊዜ ሲሠራ ነርቩ ይጫናል፤ አውራ ጣት፣ አመልካችና መሐል ጣት ይደነዝዛሉ። ልቃቂቷን ጆግ ውስጥ ክተቷት። ተንከባላ አልጋ ሥር ስትገባ ጎንበስ ብሎ መፈለግ፣ ከወባ ተነሥቶ ደሙ ላነሰ ሰው ራስ ማዞር ያመጣል።

ሆዱን ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው፣ በቀዶ ጥገና የወለደች እናትም፣ በጭኑና በሥራው መካከል ትራስ ያድርግ፤ እያደገ የሚሄድ ብርድ ልብስ ቁስሉ ላይ መጋደም የለበትም። ግሉኮስ የገባበት እጅ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም በደም ሥሩ መስመር ላይ ከጠጠረና ካመመ ሥራው ይቁም፤ እጁም ለባለሙያ ይታይ። ትኩሳት ያለበት ቀን የሥራ ቀን አይደለም። ወባ ከታከመ በኋላ ትኩሳቱ ከተመለሰ ደግሞ ቶሎ መመርመር ነው።

ጊዜው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሁን፤ ከዚያ ሥራውን አስቀምጦ ጣቶችን መዘርጋት፣ ትከሻን ማዞር፣ ሩቅ ማየት። መቆም ያለበት ድካም ከመጣ በኋላ አይደለም፣ ገና «እችላለሁ» እያላችሁ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው በላይ ካልከበዳችሁ 5 ደቂቃ ጨምሩ። ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ቀትር ላይ እጅ ሲያልበው አክሪሊክ በመርፌው ላይ መንሸራተት ያቆማል፤ ሰውም ያን ለማሸነፍ ይጎትታል፤ በመጎተት የተሠራው ክፍል ይጠብባል። መብራት ሲጠፋ በሻማ አትሥሩ። አክሪሊክ ከተያያዘ እየቀለጠ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ አጎበር ውስጥ ሻማ ማስገባት ደግሞ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

መድኃኒት ላይ ላሉ ሰዎች አንድ ነገር በተለይ ልናገር። በቲቢ ሕክምና የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ከሚሰጡት 4 መድኃኒቶች አንዱ ኢታምቡቶል ነው። በጥቂት ሰዎች ላይ የዐይንን ነርቭ ይጎዳል፤ እይታ ይደበዝዛል፣ ቀይና አረንጓዴን መለየት ያስቸግራል። ክር የሚሠራ ሰው ይህን ከሌላው ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። ትናንት ለይታችሁ ያስቀመጣችኋቸው ቀይና አረንጓዴ ልቃቂቶች ዛሬ በቀን ብርሃን ከተመሳሰሉባችሁ አትለፉት፤ ያንኑ ቀን ለሚከታተላችሁ ጤና ተቋም ንገሩ። ሌላው መድኃኒት አይሶኒያዚድ የእጅና የእግር ጣቶችን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ለዚያም ቫይታሚን ቢ6 ይሰጣል። ሥራው ያመጣው መደንዘዝ እጅን ሲያሳርፉ ይቀንሳል፤ እግርም አብሮ የሚወጋና የሚደነዝዝ ከሆነ ግን መነገር አለበት። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። ሪፋምፒሲን ደግሞ ሽንትን ብቻ ሳይሆን ላብንም ወደ ብርቱካንማ ሊለውጥ ስለሚችል ነጩን ክር ለኋላ አቆዩት። ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ በጨርቅና በክር አይተላለፍም። የሠራችሁትን ሰው ቢፈራ ይህን ንገሩት።

ለሹራብ መርፌ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይመቻል። አልጋ ላይ ለሚሠራ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አጭር መርፌ ይሻላል፤ ረጅሙ በየትራሱ ይያዛል። እንጨት ወይም ቀርከሃ ከብረት ይቀልላል፤ የክሩ ቀለበቶችም ቶሎ አያመልጡበትም። ጫፉ ክር የሚይዝ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱትና ትንሽ ሰም ቀቡት። የኪሮሽ መያዣ ቀጭን ስለሆነ ለደካማ እጅ ጨርቅ ጠምጥሙበት፤ እንደ ማርከር ሲወፍር ጣት አጥብቆ መቆንጠጡን ይተዋል።

ከሁሉም በላይ የምወደው ሥራ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሄድ ካሬ ነው። ራስ በሚከብድበት ቀን እንኳ አይበላሽም፤ ረድፍ አይቆጠርም፣ ፊትና ኋላውም አንድ ነው። በመርፌው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ቀለበት ዐይን እላለሁ። በመካከለኛ ክርና በ4.5 ሚሊ ሜትር መርፌ 3 ዐይን ጀምሩ። በየረድፉ መጀመሪያ ያለችውን ዐይን ሁለት ጊዜ ሥሩባት፤ አንዴ ከፊቷ፣ ከመርፌው ሳታወርዷት ደግሞ ከኋላዋ። አንዷ ሁለት ትሆናለች። የቀረውን ረድፍ መርፌውን ከፊት ወደ ኋላ እያስገባችሁ እስከ መጨረሻው ሥሩ፤ ገልብጡና ያንኑ ድገሙ። በየረድፉ አንድ ዐይን እየጨመረ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። 40 ዐይን ሲሞላ መርፌ ቁልፍ ሰኩበት። ከዚያ ወዲህ በየረድፉ መጀመሪያ ሁለት ዐይን አንድ ላይ ሥሩ፤ አንድ አንድ እየቀነሰ ይሄዳል። 3 ሲቀር ሦስቱንም አንድ ላይ ሥሩ፣ ክሩን ቆርጣችሁ በመጨረሻዋ ቀለበት አሳልፉና ሳቡ። ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ወጣ።

መርፌ ቁልፏን አትናቋት። ሥራውን ለሁለት ቀን አስቀምጦ ሲመለሱ እየጨመርኩ ነበር ወይስ እየቀነስኩ የሚለውን የምትመልሰው እሷ ነች፤ ካለች ወደ መቀነስ፣ ከሌለች ወደ መጨመር።

አንድ ካሬ ከ13 እስከ 15 ግራም ይወስዳል። ልቃቂቷ መብቃቷን ከተጠራጠራችሁ ሚዛን አያስፈልግም። ክሩን ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ለሁለት እጠፉና መሐሉ ላይ በቀላሉ የምትፈታ ቋጠሮ አድርጉ። የመጨመሪያው ግማሽና የመቀነሻው ግማሽ እኩል ክር ስለሚበሉ፣ 40 ሳይሞላ ቋጠሮዋ ላይ ከደረሳችሁ ያ ክር ለሙሉ ካሬ አይበቃም ማለት ነው። ያኔ 40 እስኪሞላ ሌላ ተመሳሳይ ክር ጨምሩ፤ ወይም ደግሞ ከመጀመሪያው ግማሹን በአንድ ቀለም፣ ግማሹን በሌላ አስቡት። 8 ግራም ገደማ የሆኑ ሁለት ልቃቂቶች፣ አንዱ እስከ 40 ዐይን፣ ሌላው ከዚያ ወዲያ፣ በሰያፍ ለሁለት የተከፈለ ካሬ ይሰጣሉ። እንዲህ ያሉት ሲገጣጠሙ ከአንድ ቀለሙ የበለጠ ያምራሉ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚበላሸው መጠኑ ነው። አንዱ 14፣ አንዱ 16 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ምክንያቱ የእጅ ጉልበት መለዋወጥ ነው፤ ጠዋት የተሠራውና ማታ በድካም የተሠራው አንድ አይሆንም። ከፓስታ ካርቶን 15 በ15 ቆርጣችሁ አጠገባችሁ አኑሩ። እያንዳንዱ ካሬ ሲያልቅ በእሱ ላይ ተለክቶ ይታይ። በ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰው በጠርዝ ዙር ይስተካከላል። ከ16 ያለፈው ግን ቢሰፋም መሸብሸቡ አይቀርም፤ እሱን ፍቱት፣ በ38 ዐይን መልሳችሁ ሥሩት።

ለኪሮሽ ሠራተኞች የሚመቸው በዙር የሚያድገው ካሬ ነው። 4 ሰንሰለት ሠርታችሁ ቀለበት አድርጉ። በቀለበቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ረጃጅም ዐይን (ክሩ መጀመሪያ ኪሮሹ ላይ አንዴ ተጠምጥሞ የሚሠራው) ያሏቸው አራት ክምር፣ በመካከላቸው 2 ሰንሰለት እያደረጋችሁ ሥሩ፤ አራቱ ክፍተቶች አራቱ ማዕዘኖች ናቸው። በሁለተኛው ዙር በየማዕዘኑ ሁለት ክምር ይገባል፣ በድምሩ 8። በሦስተኛው 12፣ በአራተኛው 16፤ የሚጨምረው ሁልጊዜ በአራት ነው፤ ቆጥራችሁ ካልሆነ አንድ ማዕዘን ተዘሏል። በመካከለኛ ክር የመጀመሪያው ዙር ከአንድ ሜትር ተኩል ያነሰ፣ ሁለተኛው 2 ሜትር ያህል፣ ሦስተኛው 3፣ አራተኛው ከ4 እስከ 5 ሜትር ይበላል። የእያንዳንዱ ሰው እጅ ስለሚለያይ የራሳችሁን ለማወቅ አንድ ዙር ፈትታችሁ በክንድ ለኩት፤ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ወደ ግማሽ ሜትር ነው። ይህን ካወቃችሁ ለሌላ ምንም የማትሆነው 3 ክንድ ክር የመሐል ዙር ትሆናለች። ትንሿ ክር ለመሐሉ፣ ትልቋ ለዳሩ።

ብርድ ልብስ ለማድረግ 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 42 ካሬዎች፣ 6 በ7 ተደርድረው፣ 90 በ105 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ለጭን ወይም ለሕፃን ይበቃል። ለካሬዎቹ 600 ግራም ገደማ ይሄዳል። ለጠርዝና ለመስፊያ ግን ከመጀመሪያው 150 ግራም አንድ ዓይነት ቀለም ለይታችሁ ደብቁ። የተዘበራረቀውን ቀለም አንድ የሚያደርገው በየካሬው ዙሪያ የሚሄደው ያ አንድ ጠርዝ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሲፈለግ አይገኝም። ገበያ መላክ ካለ የሚላከው ለዚህ ነው። እኔ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ እመርጣለሁ፤ ነጭ በአዳማ አቧራ አይበረክትም።

ካሬዎቹን እያገጣጠሙ መሄድ ብዙዎች ይወዱታል። ለሚያገግም ሰው ግን አልመክረውም፤ 20 ካሬ ሲያልፍ ሥራው ጭን ላይ ይከብዳል፣ ያሞቃል። ለየብቻ ተሠርተው ይከማቹ። ሲያልቁ ሌላ ሰው አልጋ ላይ ደርድሮላችሁ ቀለሙን አስተካክሉ፣ በስልክ ፎቶ አንሡት፣ እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻ በክር አስራችሁ ቁጥር ጻፉበት። መጀመሪያ 6 ካሬ ያላቸውን 7 መቀነቶች ስፉ። መቀነቶቹን እርስ በርስ ማያያዙ ከባዱ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ይሠራ፣ በቀን ከአንድ ስፌት አይበልጥ። የስፌቱን ክር አታጥብቁት፤ ጠብቆ የተሰፋ መጋጠሚያ በጎተቱት ቁጥር ይበጠሳል።

የክር ጫፍ ሳይረሳ። ክር ስትቀይሩ በሁለቱም በኩል አንድ ስንዝር ጫፍ ተዉ። ሱፍን እርጥብ አድርጎ በመዳፍ በማሸት ማያያዝ ይቻላል፤ አክሪሊክ እንዲያ አይያያዝም፣ ቋጠሮውም እየተንሸራተተ ይፈታል። ጫፉን በወፍራም መርፌ ወደ አንድ አቅጣጫ 3 ሴንቲ ሜትር፣ መልሳችሁ በተቃራኒው፣ ከዚያ እንደገና ወደ መጀመሪያው አሳልፉት። በሦስት አቅጣጫ ያለፈ ጫፍ አይወጣም። ካሬ በጨረሳችሁ ቁጥር የዚያኑ ጫፍ ደብቁ፤ 42 ካሬ ከነጫፉ ተከማችቶ ሲጠብቅ ብርድ ልብሱ ሳያልቅ የሚቀረው በዚህ ነው።

ይህ ለሕፃን በሚሠራ ነገር ላይ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ላላ ብሎ የተንጠለጠለ ክር በሕፃን ጣት ላይ ሲጠመጠም ደም ይከለክላል፤ የእጅና የእግር ሹራብ ውስጡን ገልብጣችሁ እዩት፤ ተሻግሮ የሚሄድ ክር ካለበት አይሁን። ለአራስ ቆብ ዙሪያው 32፣ ቁመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ክሩም 25 ግራም አካባቢ ነው። አዳማ ውስጥ ከጥጥ ይሁን፤ ሲተኛም ይውለቅ፣ ሕፃን ሙቀት የሚያስወጣው በጭንቅላቱ ጭምር ነው። ብርድ ልብሱም በተኛ ሕፃን ፊት አጠገብ አይተው። ወፍራሙን የአክሪሊክ ቆብ አሰላና በቆጂ ላሉ ዘመዶች ላኩት፤ እዚያ ብርዱ ይፈልገዋል።

ከጥጥ ፌስታሉ የሚወጣው ምርጥ ሥራ የጀበና ማስቀመጫ ነው። ከጥጥ ብቻ መሆን አለበት፤ ከከሰል የወረደ ጀበና አክሪሊክ ላይ ከተቀመጠ ክሩ ይቀልጥና ከጀበናው ሥር ይጣበቃል። ሁለት ድርብ የጥጥ ክርና 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ያዙ። በቀለበት ውስጥ 6 አጫጭር ዐይን (ክሩ መጀመሪያ ኪሮሹ ላይ ሳይጠመጠም የሚሠራው) ሥሩ። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት፣ 12። በሦስተኛው አንድ እየዘለላችሁ ጨምሩ፣ 18። ከዚያ 24፣ 30 እያለ በየዙሩ በ6 ይጨምራል፤ በ9ኛው ዙር 54 ይሆንና ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ጠርዙ ወደ ላይ እንደ ሳህን ከጎደጎደ መጨመሩ አንሷል፤ ከተጥመለመለ በዝቷል። ሁለት አንድ ዓይነት ሠርታችሁ አነባብራችሁ ስፉ፤ አንዱ ብቻ ሙቀቱን ወደ ጠረጴዛው ያሳልፋል። ለሁለቱ እስከ 40 ግራም ይበቃል። ለሲኒ ከሆነ አንድ ንብርና 6 ዙር በቂ ነው፤ አንዱ ሲኒ በአንድ ቁጭታ ያልቃል።

ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ጥጥ ቀለም ይለቅቃል። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ስንዝር ቆርጣችሁ በለብ ውኃ አርሱት፣ በነጭ ጨርቅ መካከል 5 ደቂቃ ጫኑት። ጨርቁ ከቀላ ያን ክር ለብቻው ውኃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ጨውና ኮምጣጤ መጨመር ተነክሮ የመጣን የጥጥ ቀለም አያስይዝም።

ያለቀው ብርድ ልብስ ለብ ባለ ውኃና በቀላል ሳሙና ይታጠባል። ውኃ ይዞ ስለሚከብድ በሁለት ሰው ይውጣ፤ በአንድ ጫፍ ተይዞ ከተነሣ የመሐሉ ስፌት ይሳባል። አይጠመዘዝም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጫናል። በገመድ ላይ ካንጠለጠላችሁት በአንድ አቅጣጫ ይረዝማል፤ ንጹሕ ሰሌን ወይም አንሶላ ላይ ጥላ ሥር ዘርጉት፣ ጎኑን በእጅ እየነካካችሁ አራት ማዕዘን አድርጉት፣ ነፋስ ካለም ላዩን በነጠላ ሸፍኑት። በበጋ ጠዋት የተዘረጋው እስከ ማታ ይደርቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ሁለት ቀን ሊፈልግ ስለሚችል ገልብጡት።